ቀድሞ መሸታ ቤት ስለ ነበረ የጡብ ቤት

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት።

መግቢያ።

ታሪክ የሚገኘው በመጽሐፍ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ዳሩ ግን መጽሐፍ የሌለው መንደር ይገኛል እንጂ ቤት የሌለው መንደር አይገኝም። ቤትም ለሚጠይቀው ሰው ይመልሳል። ግድግዳው ከምን እንደ ተሠራ፥ ደጁ ወዴት እንደ ዞረ፥ ወለሉ በየት በኩል እንደ ተበላ፥ ጣራው በየት በኩል እንደ ጠቆረ ረጋ ብሎ የተመለከተ ሰው፥ በዚያ ቤት ምን ዐይነት ሰው እንደ ኖረና ምን ሥራ እንደ ተሠራበት ሊያስተውል ይችላል።

ይህ ትምህርት ስለ አንድ ዐይነት ቤት ነው፤ ይኸውም በጡብ ተሠርቶ፥ አስቀድሞ መሸታ ቤት ሆኖ፥ ኋላ መኖሪያ ስለ ሆነ ቤት ነው። አንባቢ ሆይ፥ «ስለ ቤተ መንግሥትና ስለ ቤተ ክርስቲያን መጻፍ ሲገባ ስለ መሸታ ቤት መጻፍ ለምንድር ነው?» ትል ይሆናል። እኔም በቤተ ክህነት ትምህርት ያደግሁ ሰው ስለ ሆንሁ ይህን ጥያቄ አስቀድሜ ለራሴ ጠይቄዋለሁ። መልሱን ቀስ በቀስ እናገኘዋለን።

አንደኛ ክፍል፤ ስለ ቦታ ስም።

በአዲስ አበባ በስተምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፥ ቤቴል የሚባል ሰፈር አለ። ቤቴል ማለት በዕብራይስጥ የእግዚአብሔር ቤት ማለት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት በ28ኛው ምዕራፍ እንደሚገኘው፥ ያዕቆብ ከወንድሙ ሸሽቶ ሲሄድ ድንጋይ ተንተርሶ በሜዳ አደረ፤ በሕልሙም መሰላል አየ። ሲነቃም የተንተራሰውን ድንጋይ ሐውልት አድርጎ አቆመ፥ ዘይትም አፈሰሰበት፥ የቦታውንም ስም ቤቴል አለው። አስቀድሞ ግን የዚያ አገር ስም ሎዛ ነበረ። ከብዙ ዘመንም በኋላ ንጉሡ ኢዮርብዓም በዚያው በቤቴል የወርቅ ጥጃ ስላቆመ፥ ነቢዩ ሆሴዕ ቦታውን ቤትአዌን ብሎ ጠራው፤ ይህም የከንቱነት ቤት እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ አንዱ ቦታ ሦስት ስም ነበረው፤ ስሙም እንደ ተሠራበት ሥራ ተለዋወጠ። መጽሐፍ ግን መልካሙን ጽፎ ክፉውን አልሸሸገም። የኖኅን ጽድቅ የነገረን ያው መጽሐፍ ከወይኑ ጠጥቶ መስከሩንም ነግሮናል። የመንደሩን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከዚህ ሥርዓት ሊማር ይገባዋል። ቤቱ ዛሬ የጸሎት ቤት ቢሆን ትናንት መሸታ ቤት መሆኑን፥ ዛሬ መሸታ ቤት ቢሆን ትናንት የመኳንንት አዳራሽ መሆኑን ሳያፍር ይጽፋል።

ሁለተኛ ክፍል፤ ስለ ጡብ።

አባቶቻችን እንደ አገሩ ጠባይ የተለያየ ቤት ይሠሩ ነበር። ደጋው እንጨትና ጭቃ፥ ክዳኑንም ሣር ያደርጋል፤ ድንጋይ የበዛበት አገር ድንጋይ ይክባል፤ በላስታ ላሊበላ አለቱን ፈልፍለው አብያተ ክርስቲያናት አወጡ፤ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ደግሞ ድንጋዩን በኖራ እያያያዙ ግንብ ገነቡ። የተተኰሰ ጡብ ግን በተራው ሰው ቤት ዘንድ የቈየ ልማድ አልነበረም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ሰው በበዛባት መጠን የዙሪያዋ ደን አለቀ። ባሕር ዛፍ ተተክሎ እስኪደርስ ድረስ የቤት እንጨትና ማገዶ ጭንቅ ሆነ። በዚህም ዘመን የሕንድ፥ የአርመን፥ የግሪክና የኢጣልያ ግንበኞችና አናጢዎች ወደ ከተማይቱ መጥተው ስለ ነበረ፥ በድንጋይ፥ በጡብና በቆርቆሮ መሥራት ከመኳንንቱ ወደ ነጋዴው፥ ከነጋዴውም ወደ ሌላው እየተላለፈ ሄደ። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ደግሞ፥ አስቀድሞ በግመልና በበቅሎ ይመጣ የነበረው ቆርቆሮ፥ ብርጭቆና ብረት በባቡር ይመጣ ጀመር። ጡብ ግን ከባድ ስለ ሆነ ከሩቅ ቢያመጡት ዋጋው አይቀመስም፤ ስለዚህ ሸክላ አፈር በተገኘበት አቅራቢያ ይሠራል። ከዚህም የተነሣ የአሮጌ ጡብ ቤት ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ የዚያው አገር አፈር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሸክላው አፈር ተቈፍሮ ጠጠሩ ይለቀማል፤ ውሃ ጠጥቶ በእግር ይረገጣል፤ ሲላቁጥ በእንጨት ቅርጽ ይመታል፤ ፀሐይ በድንገት እንዳይሰነጥቀው በጥላ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ በእቶን ተደርድሮ ቀንና ሌሊት ይተኰሳል። ሙቀቱ 900 ወይም 1000 ዲግሪ ሲደርስ አፈሩ ዳግመኛ በውሃ የማይሟሽሽ ድንጋይ ይሆናል። መቅላቱም በአፈሩ ውስጥ ካለው ብረት የተነሣ ነው።

መምህሩ ለተማሪዎቹ ይህን ያሳያቸው። በእጅ የተመታ ጡብ መልኩና መጠኑ አንድ ዐይነት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ የሠሪው ጣት ወይም የጭድ ፈለግ ይታይበታል። በመኪና የተሠራው ግን ጠርዙ ቀጥ ያለና እርስ በርሱ የተመሳሰለ ነው። በሚገባ የበሰለ ጡብ በብረት ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል፤ ያልበሰለው ድምፁ የታፈነ ነው፥ ውሃም ቶሎ ይጠጣል። ደግሞ በጡቡና በጡቡ መካከል ያለውን ማያያዣ ይመልከቱ፤ ጭቃ፥ ኖራ ወይስ ሲሚንቶ? በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ዐይነት ማያያዣ ቢገኝ፥ ያ ቤት አንድ ጊዜ ፈርሶ የተጠገነ ወይም ኋላ የተጨመረበት ነው።

በዚህ ነገር አንድ ምክር ልጨምር። በጭቃ ወይም በኖራ የተገነባውን አሮጌ ግድግዳ በጠንካራ ሲሚንቶ የሚለስን ሰው ቤቱን የጠቀመ ይመስለዋል። ነገር ግን በግድግዳው ውስጥ ያለው እርጥበት መውጫ ስለሚያጣ ጡቡ ከውስጥ እየተፈረፈረ ይሄዳል። አሮጌ ቤት በለመደው ኖራ ቢጠገን ይሻላል።

ሦስተኛ ክፍል፤ ስለ መሸታ ቤትና ስለ ኮማሪት።

በአገራችን ሥርዓት መንገደኛ በመሸበት ቤት ደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ» ካለ፥ ባለ ቤቱ ያለውን አቅርቦ ያሳድረዋል፤ ዋጋም አይጠይቀውም። መብልና መጠጥ ለእንግዳ መሸጥ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። ከተማ ሲበዛ ግን ይህ ሥርዓት ብቻውን ሊበቃ አልቻለም። ወታደሩ፥ ሲራራ ነጋዴው፥ ባለ ጉዳዩ፥ ከሩቅ አገር ለሙግት የመጣው ሁሉ ዘመድ በሌለበት ከተማ ወራት ይቀመጣል። እርሱን የተቀበለው መሸታ ቤት ነው።

የመሸታው ቤት ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ሴት ነበረች፤ ስሟም ኮማሪት ይባላል። ባል የሞተባት፥ ከትዳሯ የወጣች፥ ከአገሯ ተሰድዳ መሬት የሌላት ሴት፥ በእናቷ ጓዳ የተማረችውን መጥመቅና መጣል መተዳደሪያ አደረገችው። ጠላ ከገብስ ወይም ከሌላ እህል፥ ከብቅልና ከጌሾ ይጠመቃል። ጠጅ ደግሞ ለ1 እጅ ማር 3 ወይም 4 እጅ ውሃ ተለክቶ፥ ጌሾ ገብቶበት፥ በታጠነ ጋን ይጣላል፤ እንደ አየሩ ሙቀትና ብርድ ከ10 እስከ 20 ቀን ይቈያል። ይህ ልክ፥ ንጽሕናና ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ጋኑ በደንብ ካልታጠበና ካልታጠነ መጠጡ ይሖመጥጣል፥ የማሩም ዋጋ ከስሮ ይቀራል።

የጠላ ቤት ምልክቱ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ነው። ፊደል የማያውቅ መንገደኛ ሁሉ ይህን አይቶ ይገባል። ውስጡ በግድግዳው ዙሪያ መደብ አለው፤ በስተጓዳው ጋን የሚቀመጥበት ጉድጓድ ወይም ማስቀመጫ ይገኛል፤ ደጁም ወደ መንገድ ነው። በዚያ ቤት ወሬ ይሰማል፥ ደብዳቤ ለማያነብ ይነበብለታል፥ ሠራተኛ ይቀጠራል፥ ሽማግሌ ተቀምጦ የተጣላ ይታረቃል፥ አዝማሪም መሰንቆውን ይመታል።

ክፉውንም እንናገር። በዚያው ቤት የወር ደመወዝ በአንድ ሌሊት ያልቃል፥ ልጅ ሳይበላ ያድራል፥ በስካር ጠብ ደም ይፈሳል፥ ኮማሪቷም ከሰካራም እጅ ብዙ ውርደት ትቀበላለች። መምህሩ ይህን ሳይናገር መሸታ ቤትን ቢያመሰግን ለልጆቹ ሐሰት አስተማረ፤ ክፉውን ብቻ ተናግሮ ቢተው ደግሞ በዚያ ሥራ ልጆቿን ያሳደገችውን እናት በደለ።

አራተኛ ክፍል፤ ስለ እቴጌ ሆቴል።

መብልና መጠጥ በዋጋ መሸጥ ነውር መሆኑ የቀረበትን ዘመን የሚያስታውሰን በአዲስ አበባ በአራዳ፥ ዛሬ ፒያሳ በሚባለው ሰፈር፥ አንድ ታላቅ ቤት አለ። ይኸውም እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት እቴጌ ሆቴል ነው፤ ዛሬ ጣይቱ ሆቴል ይባላል። የተመሠረተውም በ1898 ዓ.ም. ነው ተብሎ ይነገራል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆቴል እርሱ ነው።

ሲወርድ ሲዋረድ እንደ መጣው ወሬ፥ ሆቴሉ በተከፈተ ጊዜ ከፍሎ መብላት ስላልተለመደ ሰው ሳይደፍር ቀረ። ስለዚህ አጤ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በሉ፥ ሒሳቡንም በሰው ፊት ከፈሉ፤ ከዚያ ወዲያ መኳንንቱም ሌላውም መክፈል ለመደ ይባላል። ወሬው በዝርዝሩ እንዲህም ቢሆን እንዲያም ቢሆን ቁም ነገሩ ግልጽ ነው፤ ንጉሥ ያደረገው ነገር ነውርነቱ ይቀራል። በመንደር ኮማሪት ያለ ስም ስታደርገው የነበረውን ሥራ፥ እቴጌይቱ በስማቸው ሲያደርጉት ክብር አገኘ።

ይህ ቤት ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶበት ከፊሉ ተቃጠለ፤ ኋላም ተጠግኖ ሥራውን ቀጠለ። ስሙ የታወቀ ስለ ሆነ ሲቃጠል ሰው ሁሉ አዘነ። ስም የሌለው የመንደር መሸታ ቤት ሲፈርስ ግን የሚያዝንለት አይገኝም።

አምስተኛ ክፍል፤ በእንግሊዝ አገር ስላለው ልማድ።

በሌላ አገር ምን እንደሚደረግ ማወቅ ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር ገጠር፥ ይልቁንም ደንጊያ በታጣበትና ሸክላ አፈር በበዛበት ወረዳ፥ ብዙ አሮጌ የጡብ ቤት አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1830 ዓ.ም. ግብር የሚከፍል ባለ ቤት ሁሉ 2 ጊኒ ከፍሎ ፈቃድ ከተቀበለ በቤቱ ቢራ እንዲሸጥ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ስለዚህ በየመንደሩ ተራው ሰው የፊተኛውን ክፍል መሸታ ቤት አደረገው፤ ኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ብዙዎቹ ተመልሰው መኖሪያ ሆኑ። በዚያ አገርም ከ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ መጠጥ ሻጭ በደጁ ምልክት እንዲሰቅል ይታዘዝ ነበር፤ በእኛ አገር ከተደፋው ጣሳ ጋራ አንድ አሳብ ነው።

የሚያስደንቀው ግን ግብር በግድግዳ ላይ ተጽፎ መገኘቱ ነው። በዚያ አገር ከ1784 እስከ 1850 ዓ.ም. በጡብ ላይ ግብር ነበረ። ግብሩ በ1000 ጡብ እየተቈጠረ ስለሚከፈል፥ ሰዎች ቊጥሩን ለማሳነስ ጡቡን አተለቁት። ከ1696 እስከ 1851 ዓ.ም. ደግሞ በመስኮት ላይ ግብር ስለ ነበረ ብዙ ሰው መስኮቱን በጡብ ደፈነ። ዛሬም የሚያውቅ ሰው የጡቡን መጠንና የተደፈነውን መስኮት አይቶ የቤቱን ዘመን ይገምታል።

ስድስተኛ ክፍል፤ በእኛም አገር ሕግ በግድግዳ ላይ እንዴት ይነበባል?

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ከዚያ በኋላ ብዙ ትልልቅ ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆነው ለብዙ ቤተ ሰብ ተከፋፈሉ። ስለዚህ በአንድ አሮጌ የጡብ ቤት ውስጥ ሰፊው አዳራሽ በጭቃ ወይም በጣውላ ግድግዳ ተከፍሎ፥ በአንድ ደጅ ፈንታ ሦስት ደጅ ወጥቶለት ብናይ፥ ያ የአዋጁ ፈለግ ነው። ኪራዩ አነስተኛ ስለ ነበረ ማደሻ ገንዘብ አልተገኘም፤ ጣራውም ማፍሰሱ፥ ግድግዳውም መላሸቁ ከዚህ የመጣ ነው።

በ1992 ዓ.ም. ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ወጥቶ ቅርስ የሚጠናበትና የሚመዘገብበት ሥርዓት ተሠርቷል። ነገር ግን የመንደሩን ቤት ሁሉ መንግሥት ሊያውቅ አይችልም። ከተማ ይሰፋል፥ መንገድም ይወጣል፤ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል በፒያሳና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሷል። ቤት ሁሉ ሊቆም አይችልም፤ ታሪኩ ሳይጻፍ መፍረሱ ግን የእኛ ስንፍና ነው።

ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ በደሉ የእኔም ነውና። ከሃያ ዓመት በፊት ጸሓፊ ሳለሁ ሊፈርሱ የታዘዙ ቤቶችን እንድመዘግብ ተላክሁ። መዝገቡ የሚጠይቀው አራት ነገር ብቻ ነበር፤ የግድግዳው ዐይነት፥ የክዳኑ ዐይነት፥ የክፍሉ ቊጥርና የነዋሪው ስም። በአንድ የጡብ ቤት ቆብ የደፉ አሮጊት እናት አገኘሁ።

«ልጄ፥ ምን ብለህ ጻፍህ?» አሉኝ።

«እማሆይ፥ የጡብ ግድግዳ፥ የቆርቆሮ ክዳን፥ 3 ክፍል ብዬ ጻፍሁ» አልኋቸው።

«ሌላውንስ?»

«ሌላ የሚጻፍበት ቦታ የለውም፥ እማሆይ።»

እርሳቸውም ከግድግዳው ላይ ቀን መቊጠሪያውን አንሥተው ከሥሩ ያለውን አሳዩኝ። ኖራው በተላጠበት በኩል በከሰል የተሠመረ ብዙ መስመር ነበረ። «ይህ የብርሌ ዕዳ ነው። መሸታ ቤት ሳለ ፊደል አላውቅም ነበርና ለእያንዳንዱ ሰው በየቦታው እሠምርበት ነበር። ይህ የአናጢው ነው፤ ይህ የእንጨት ነጋዴው ነው፤ ከፍሎ የጨረሰውን በአግድም ሠርዤዋለሁ» አሉኝ። ያልተሠረዘ ሰባት መስመር አየሁና «ይህስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እርሱ ዘምቶ አልተመለሰም። ዕዳውን ምሬዋለሁ። መስመሩን ግን አላጠፋሁትም፤ እርሱ የተጻፈበት ሌላ ቦታ መኖሩን አላውቅምና» አሉኝ።

እኔ ከፊደል እስከ ዳዊት፥ ከዳዊትም እስከ ቅኔ የተማርሁ ሰው፥ የዘማቹን ስም እንኳ ሳልጠይቅ መዝገቤን አጥፌ ሄድሁ። ቤቱም ከጥቂት ቀን በኋላ ፈረሰ። ፊደል የማያውቁት እናት የጠበቁትን ጽሕፈት፥ ፊደል የማውቀው እኔ ጣልሁት። በመጀመሪያ ላይ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። የመሸታ ቤትን ታሪክ የምንጽፈው መጠጡን ለማክበር አይደለም፤ በሌላ መዝገብ ያልተጻፉ ሰዎች በዚያ ተጽፈው ስለሚገኙ ነው።

ሰባተኛ ክፍል፤ የመምህሩና የሽማግሌዎች ሥራ።

መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ በመንደሩ ወደሚገኝ አንድ አሮጌ ቤት ይሂድ፤ አስቀድሞ ግን ባለ ቤቱን ፈቃድ ይጠይቅ። ልጆቹ ደጁን፥ መስኮቱንና መደቡን በእርምጃ ለክተው በወረቀት ይሣሉ። የግድግዳውን ማያያዣ፥ የተደፈነውን ደጅ፥ የጠቆረውን ጣራ ይመዝግቡ። ምንም ነገር አይፋቁ፥ አይንቀሉ።

ሽማግሌዎችም ሲጠየቁ ያዩትን «አየሁ»፥ የሰሙትን «ሰማሁ» ብለው ለይተው ይንገሩ፤ ጸሓፊውም ለይቶ ይጻፍ። ሁለት ሽማግሌዎች ቢለያዩ ሁለቱንም ቃል ይጻፍ እንጂ ደስ ያለውን መርጦ ሌላውን አይጣል። ቤቱን የያዘችው እናት ወይም ልጆቿ ስማቸው እንዳይጻፍ ቢለምኑ ስሙ ይቅር፥ ታሪኩ ግን ይጻፍ። የተጻፈውም ሁለት ሆኖ አንዱ በትምህርት ቤቱ፥ አንዱ በመንደሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ይቀመጥ።

ለተማሪዎች ጥያቄ።

1. ጡብ ከሩቅ አገር ሳይመጣ በአቅራቢያ የሚሠራው ለምንድር ነው?

2. በመንደራችሁ ካሉት ቤቶች በሁለት ዐይነት ማያያዣ የተሠራ ግድግዳ ያለው የትኛው ነው? ምክንያቱን ሽማግሌ ጠይቃችሁ ጻፉ።

3. መብልና መጠጥ መሸጥ ነውር የነበረው ለምንድር ነው? ነውርነቱስ ለምን ቀረ?

4. መሸታ ቤት ለመንደሩ ያደረገውን ጥቅምና ያደረሰውን ጉዳት ለየብቻ ጻፉ።

5. እናትህ ወይም አያትህ ፊደል ሳያውቁ ሒሳባቸውን በምን ይይዙ ነበር? ጠይቀህ ተረዳ።

መደምደሚያ።

ያዕቆብ ያቆመው ሐውልት የተንተራሰው ድንጋይ ነበረ እንጂ ከሩቅ ያመጣው ዕንቊ አልነበረም። እኛም ለልጆቻችን የታሪክ ምልክት ስንሻ ከመንደራችን እንጀምር። ዛሬ በሕይወት ያለው ሽማግሌ ለከርሞ ላይገኝ ይችላልና፥ መምህራን ሆይ፥ ደብተራችሁን ይዛችሁ በዚህ ሳምንት ሂዱ። ስትጠይቁም ስሙን መጠየቅ አትርሱ።